ቀሪ ሂሳብ

ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከቆርቆሮ ሱቄ ደጃፍ፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ ከጣውላው ጫፍ፣
እትዬ ወርቅያንጥፉ መጡ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣
ቋጠሮ ያለው ክር ከጉያቸው ስበው።
"ቁመቱ ይህን ያህል፤ ወርዱ ደግሞ እስከ ቋጠሮ፤
ሜትርህን አላምነውም፣ አንዴ አታሎኛል ድሮ።"

ሳቄን በመጋዝ ድምፅ ሸፍኜ ለካሁት ክሩን፣
ሁለት ሜትር ከአስር፤ ጻፍኩት በእርሳስ ቁጥሩን።
"ለየት ያለ ይሁን" አሉ። "እንደ ምን?" አልኩ። "እንደ ጥሩ!
ዋንዛ ይሁን፣ ግን ርካሽ፤ ይጠንክር፣ ግን አይክበድ በሩ፤
ያብረቅርቅ፣ ግን ዓይን አያሳውር፤
እግሩ የአንበሳ ይሁን፣ ጥፍሩ ግን ሲሚንቶ አይቧጭር።"
"የት ነው የሚቆም?" ብላቸው፣ "ቤት ውስጥ ነዋ!" አሉኝ ቆጣ ብለው፣
ቀብዱን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ በሦስተኛው እጄ ላይ ጥለው።

ዋንዛው የይፋት ነው፤ ሁለት ክረምት ጣሪያዬ ስር ከርሞ፣
እንደ ሽማግሌ ዝም ያለ፣ ጠማማነቱ ታርሞ።
መላጊያዬ ሲሄድበት ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ይወርዳል፣
ማር የመሰለው መስመሩ እጄን እንደ በሬ ይነዳል።
ምስማር አልመታሁበትም፤ ጥርስ በጥርስ ነው የገባ፣
አንዱ ሳንቃ ካንዱ ሳንቃ ጣት በጣት እንደ ተጋባ።

እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ፣
ጎመን በያዘ እጃቸው ሳንቃውን እየዳሰሱ፣
"ይሄ ጥቁሩ ምንድነው?" — "ጉጥ ነው፣ ቅርንጫፍ የነበረበት።"
"አውጣልኝ!" — "ካወጣሁት ቀዳዳ ይቀራል፣ አይጥ የሚገባበት።"
"የጎረቤቴ ጉጥ የለውም!" — "የሳቸው ፎርማይካ ነው።"
"እንግዲያው ፎርማይካ አስመስለው፤ ዋንዛነቱ ግን እንዳለ ነው።"

"ቀብዷን መልስላትና ተገላገል" አለችኝ ወላንሳ፣
ከሹራቤ ላይ ብናኙን አንድ ባንድ ስታነሳ።
"አልችልም፤ አምሮልኛል" አልኳት። ሳቀች። "እሱ ነው ጉድህ፤
ከፋይህ ሌላ ነው፣ አንተ ግን እንጨቱን ነው መውደድህ።"

አስረከብኩ። ግማሹን ሰጡኝ። "ቀሪው ታይቶ ነው" አሉ፤
አይሱዙ ላይ ጫኑት፤ የሰፈር ልጆች እየሮጡ ተከተሉ።
ሦስት ወር ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፦ "አንተ ሌባ! ተሰነጠቀ!"
"የት ነው ያለው?" "ሸዋ ሮቢት፣ ልጄ ቤት!" … ምላሴ ደረቀ።

በደጋ ብርድ የደረቀ፣ ቆላ ሲወርድ እንደገና ይደርቃል፤
የት እንደሚቆም ያልነገሩት እንጨት ምኑን ያውቃል?
መላጊያዬን በከረጢት ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ ማለዳ፣
ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ ሙቀት ተቀበለኝ እንደ እንግዳ።
ኮቴን ደብረ ሲና አወለቅሁ፤ ሹራቤን አርማንያ ላይ፤
ሸዋ ሮቢት ስደርስ እኔም ልሰነጠቅ ነበር በፀሐይ።

ልጃቸው ብርቅነሽ ከፈተችልኝ። ቁም ሳጥኔ ቆሟል ጥግ ይዞ፣
ግራ በሩ ላይ ስንጥቅ አለ፣ እንደ ወንዝ ቁልቁል ተጉዞ።
እትዬም እዚያው ነበሩ፤ በዚያ ክር ስንጥቁን ሲለኩት፣
"ይኸው!" አሉኝ፣ እንደ ክስ ማስረጃ ደጋግመው እየነኩት።
መላጊያዬን አወጣሁ፤ ስንጣሪ ዋንዛ ኮላ ነክሬ፣
ልደፍነው ሳጎነብስ — ከውስጥ ዓይን! ቀረሁ ተገትሬ።

የልጅ ልጃቸው ነው፣ አምስት ዓመቱ፤ ከልብሱ መሃል ተቀምጦ፣
በስንጥቁ ያየኛል፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ተሸጉጦ።
"ጨለማ ይፈራ ነበር" አለች እናቱ፤ "ከተሰነጠቀ ወዲህ ግን
እዚያ ገብቶ ይውላል። ብርሃን ይገባለታል። ተወው፣ አትድፈን።"

እትዬ ክራቸውን ጣታቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉ፤
ከዚያ፣ "መቼም ስንጥቅ ያለው ዕቃ ዋጋው ይቀንሳል" አሉ።

ስንጣሪዬን ኪሴ ከተትኩ። የስንጥቁን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት
ከላይ እስከ ታች ፈገፈግሁት፣ የልጁ ጉንጭ እንዳይጫርበት።

ቀሪው ሂሳብ? በቀጠሮ ነው። የፋሲካው ለቡሄ ተላለፈ፤
ወላንሳ ስትጠይቀኝ መጋዙን አስነሳለሁ፤ ጥያቄው በዚያው አለፈ።
አሁን ሰው ሲመጣ፣ ከመለኪያው በፊት "የት አገር ነው የሚቆም?" እላለሁ፤
"ማን ይገባበታል?" የሚለውን ግን፣ አፍሬ እተወዋለሁ።